በሌለሁበት

ወሬውን የሰማው ጠዋት ውሃ ሊቀዳ ቧንቧው ጋ ቆሞ ነው። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ያወራሉ፤ እሱ ባልዲውን ይዞ ከኋላቸው መቆሙን አላዩም። «ከላይ ሰፈር አንዲት አሮጊት የበሯን ቁጥር በሳሙና አጥባ አጠፋችው አሉ» አለች አንዷ። «እንዴ! ዛሬ ቆጣሪዎቹ ሲመጡ ምን ልትላቸው ነው?» «ምን ትላለች፣ ሜዳ ላይ ትቀራለች እንጂ። የሚገርምሽ ደግሞ፣ ቁጥሩን የጻፈባት የገዛ እህቷ ልጅ ነው። እሷው ያሳደገችው።» «ወይ ልጅ ማሳደግ!» ተሳሳቁ። ከዚያ አንዷ ዞር ስትል አየችውና ጎረቤቷን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ ሳቁ እዚያው ቀረ። «እለፍ፣ እለፍ ቅዳ» ብለው ተራቸውን ለቀቁለት። በዚህ ሰፈር ወረፋ የሚለቀቅለት ወይ የታመመ ሰው ነው፣ ወይ ደግሞ ቶሎ ከፊታቸው ዞር እንዲልላቸው የሚፈልጉት ሰው ነው። እሱ ጤነኛ ነበር። ባልዲውን ሞልቶ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ የመለሰለት የለም።

ክፍሉ ገብቶ ባልዲውን ጥግ አስያዘና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አሮጊቷ ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገውም። ከላይ ሰፈር የበር ቁጥር ለማጥፋት ወገቧን ታጥቃ የምትነሳ አንዲት ሴት ብትኖር አክስቱ ናት። አልዋጥልህ ያለው «በሳሙና» የሚለው ነው። የዘይት ቀለም ቆርቆሮ ላይ ከደረቀ በኋላ በሳሙና እንደማይለቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በነጭ ጋዝ ይሆናል፤ በነጭ ጋዝና በአሸዋ፤ ያውም ጎንበስ ብሎ ግማሽ ቀን መፈግፈግ ይጠይቃል። የነጭ ጋዝ ሽታ ደግሞ ዓይን ያቃጥላል። የአክስቱ ግራ ዓይን ከታከመ ገና ወር አልሞላውም። ይህን ሲያስብ ዳቦ ሊቆርስ የዘረጋውን እጅ መልሶ ጭኑ ላይ አሳረፈው።

ሥራው ቀላል ነው፤ ለሰው ማስረዳት ግን ይከብዳል። መሥሪያ ቤቱ አንድን ሰፈር ለሌላ ጉዳይ ሲፈልገው፣ መጀመሪያ ቀያሾች ባለሦስት እግር መሣሪያቸውን ተክለው ያያሉ፤ ከዚያ እሱ ቀይ ቀለሙን በጣሳ ይዞ በር ለበር እየዞረ ቁጥር ይጽፋል፤ ከዚያ ቆጣሪዎቹ መጥተው ቁጥሩን ከሰዉ ጋር ያዛምዳሉ፤ በስተመጨረሻ ማሽኑ ይመጣል። ቁጥር ያለው ቤት ከከተማ ወጣ ብሎ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል። ቁጥር የሌለው ቤት ትናንት ማታ በቅሎ ያደረ ተብሎ ይታለፋል፤ ሲፈርስ ለባለቤቱ አንዲት ስንዝር መሬት የለም። እንግዲህ እሱ እንደሚያስበው ቁጥሩ ለሰዉ በጎ ነው፣ ቀቢውም ቢመሰገን እንጂ የሚነወር አልነበረም። ሰዉ ግን የሚያየው እሱ በዞረበት ሰፈር ቤት መፍረሱን ነው። ቀለሜ የሚል ቅጽል አውጥተውለታል። ቀለሜ የሚባለው እንቅልፉን አጥቶ የሚያጠና ጎበዝ ተማሪ ነው፤ እሱ ስድስተኛ ክፍልን ከግማሽ ላይ ጥሎ የወጣ ሰው ነውና ቀልዱ መጀመሪያ ላይ እሱንም ያስቀው ነበር። ተከራይቶ በገባ ሰሞን አከራይቱ «ይኼ ግቢስ መቼ ነው የሚነሳው?» እያለች ትጠይቀው ነበር። አላውቅም ሲላት አላመነችውም፤ ከዚያ ወዲህ ኪራይ ከመቀበል በቀር አታናግረውም። ሚስት ሊያገባ አንዴ ሞክሮ የልጅቱ አባት ሥራውን ሲሰማ ነገሩ እንደ ዋዛ ቀረ። ሳያንኳኳ የሚገባበት በር የአክስቱ ብቻ ነበር። ባረፈ ቁጥር ይሄዳል፤ ያበስላሉ፣ ራዲዮ ይሰማሉ፣ ሳይነጋገሩ ይውላሉ። በዚሁ በበሯ ቁጥር ከተጣሉ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄዶ አልከፈተችለትም። ራዲዮው ከውስጥ ሲያወራ ይሰማ ነበር። አንዴ እንዲያውም እሱ እያንኳኳ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

መሥሪያ ቤት ሲደርስ ቆጣሪዎቹ ታብሌታቸውን እየሞሉ ነበር። ዛሬ የእሱ ሥራ ከፊት ከፊት እየሄደ የደበዘዘ ቁጥር ካለ ማደስ ነው። አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሻይ ሲያስመጣ ለሁሉም ነው የሚያስመጣው። ላይ ሰፈር የሚነሣው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካርታ አሳይቶት ያውቃል። ከከተማው ውጭ ያለው የፎሶሊያ ድርጅት ምርቱ በአውሮፕላን ባሕር ማዶ እስኪጫን የሚቀዘቅዝበት መጋዘን ያስፈልገዋል፤ መጋዘኑ ደግሞ ለአውሮፕላን ማረፊያው መቅረብ አለበት፤ ለማረፊያው የሚቀርበው ላይ ሰፈር ነው። አለቃው ይህን ሲያስረዳ ጣቱን ካርታው ላይ አንዴ ነው ያንሸራተተው። «ከላይኛው መንገድ ልጀምር» አለው ቀለሜ ዛሬ። አለቃው ቀና ብሎ አየው፤ ወሬውን ሰምቷል። «አክስትህ ጋ ነው አይደል? ሂድ። ግን እነሱ ሳይደርሱ ጨርስ፤ ባዶ በር ካገኙ እኔም የማደርገው ነገር የለም።» ቀለሜ ጣሳውን፣ ብሩሹንና ማቅጠኛውን ይዞ ወጣ። ነገሩ ገብቶታል፤ አክስቱ ዛሬ ቁጥር ካልተጻፈላት በዚህ ዕድሜዋ ቤት አልባ መሆኗ ነው።

ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ ጠባብ ነው፤ በግራም በቀኝም በሮቹ ላይ የገዛ እጁ ጽሑፍ ይታያል። ጥሩ እጅ ጽሑፍ እንዳለው ያውቃል፤ ቁጥሮቹ አልተንጋደዱም፣ ቀለሙም አልወረደም። ከሱቁ ዳቦና ስኳር ሊገዛ ቆመ፣ ባዶ እጁን ወደ እሷ መሄድ ስለከበደው። ዳቦው ካለፈው ሳምንት ወዲህ ዋጋው ጨምሯል፣ መጠኑም እንደ ማፈር ብሎ አንሷል። «ምነው?» ቢለው ባለሱቁ «እናንተ ለሁላችን ቁጥር ሰጣችሁን፤ ለዳቦው ብቻ ቁጥር የሚያበጅለት ጠፋ» አለው። ሁለቱም ፈገግ አሉ። ባለሱቁ መልሱን ሲሰጠው ሳንቲሙን እጁ ላይ ሳይሆን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠለት።

የአክስቱ በር ከሩቅ ያበራ ነበር። የፈገፈገችው ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩን ብቻ ብትል ቦታው ይታወቃልና ቆርቆሮውን ከላይ እስከ ታች አዳርሳዋለች፤ በሩ ከተገጠመ ወዲህ እንደዚህ አምሮበት አያውቅም። እሷ ደጃፏ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ሳፋ በጉልበቷ መካከል ይዛ ፎሶሊያ ትቀነጥባለች። ፎሶሊያው የጎበጠ ነው። ጎረቤቷ የሆነችው ልጅ ድርጅቱ ውስጥ ለቃሚ ናት፤ እዚያ እያንዳንዷን ፎሶሊያ ቀጥ ያለ ቦይ የተቆፈረበት ጣውላ ላይ አስተኝተው ይለኳታል። በቦዩ የገባችው በካርቶን ትታሸጋለች፤ የጎበጠችው ትጣላለች። የተጣለውን ለቃሚዎቹ በፌስታል ይዘው ይመጣሉ፤ የላይ ሰፈር እራቱ እሱ ነው። አክስቱ መጀመሪያ ይህን የሰማች ጊዜ «ሆዳቸው ሲገባ ቀጥ ብሎ ሊቆምላቸው ነው?» ብላ ሰፈሩን በሙሉ አስቃ ነበር። ቀለሜ ይህን አስታውሶ ሊስቅ ሲል አፉ እምቢ አለው።

«እታባ፣ እንደምን አደርሽ» አላት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጠራት እንዲህ ነው። ቀና ብላ አየችውና ጣሳው ላይ ዓይኗን አሳረፈች። «ቀለሙን ነው ያመጣኸው ወይስ ራስህን?» አለችው፤ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ፎሶሊያዋ ተመለሰች። ቢያንስ ተናገረችው። ዳቦውንና ስኳሩን ከአጠገቧ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና እሱም መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከሳፋው ፎሶሊያ አንስቶ ይቀነጥብ ጀመር፤ ቀንጥብ አላለችውም፣ አልከለከለችውም። ግራ ዓይኗ ዙሪያውን ቀልቶ ውሃ ያዘንባል፤ በመሐረቧ ጫፍ ጠረግ ታደርገዋለች። ጎን ለጎን ሆነው ሳፋውን አጋመሱት። ታች መንገዱ ላይ የሰው ድምፅ፣ የውሻ ጩኸት ይሰማል፤ ቆጣሪዎቹ ጀምረዋል ማለት ነው። እሱ ከቤት ሲወጣ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ከየት እንደሚጀምረው ጠፋበት።

«ታች ደርሰዋል» አለ በመጨረሻ።

«ይድረሱ።»

«ቁጥር ከሌለው እኮ አይመዘግቡሽም።»

«አይመዝግቡኝ።»

«ሜዳ ላይ ትቀሪያለሽ እታባ! ምትክ የሚባል ነገር አይኖርሽም።»

«ስለ ምትክ ለእኔ አታስረዳኝ» አለችው። «ሁለት ጊዜ ተስፋ ተሰጥቶኛል፤ ጣዕሙን አውቀዋለሁ።» ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱን የከፋውም ይኸው ነው። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ አጎንብሶ ያሳልፈው ነበር። ቢላዋዋን ሳፋው ጠርዝ ላይ አስደግፋ ዞረችለት። «መነሣቱ ነው ያናደደኝ መሰለህ? ስነሣ ነው የኖርኩት። እስቲ ልጠይቅህ፣ ያን ቀን ሐኪም ቤት አብረኸኝ ሂድ ስልህ ምን አልከኝ?»

«ሥራ አለብኝ አልኩሽ።»

«ምን ነበር ሥራህ?»

ቀለሜ በሩን አየ። ሥራው ይህ በር ነበር። የዓይኗን ቀጠሮ ነግራው ነበር፤ ታክመሽ ስትወጪ ዓይንሽ ስለሚሸፈን ሰው ይዘሽ ነይ ብለዋታል። እሱ ግን የዚያኑ ሳምንት የላይ ሰፈርን በሮች ሊቀባ ነበርና፣ እሷ ፊት ይህን ማድረግ ሞት ሆነበት። ሌላ ቀቢ እንዳይልኩ ደግሞ ፈራ፤ ሌላው እጁ ሻካራ ነው፣ በሩን አጨማልቆ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በገዛ ራሱ ጥበብ የቀጠሮዋን ቀን መረጠ። ከበሩ ጠርዝ፣ ከመቀርቀሪያው ሥር፣ እንደ መደበቅ አድርጎ፣ ቁጥሩን በትንሹ ጻፈው፤ ሲጨርስ ራቅ ብሎ አይቶ ለእሷ ያሰበላት መስሎት ደስ ብሎት ነበር። እሷ ብቻዋን ሄዳ፣ ብቻዋን ታክማ፣ ግራ ዓይኗ በፋሻ እንደተሸፈነ ግድግዳ እየዳበሰች ብቻዋን ተመለሰች። በሩን ልትከፍት ስትገፋው መዳፏ ቀላ። መጀመሪያ ከዓይኗ የወረደ ደም መስሏት ደንግጣ ነበር። የቀለሙ ሽታ ነው ነገሩን የነገራት፤ ያን ሽታ ደግሞ ከልብሱ ላይ ስታጥበው ዓመታት ሆኗታል።

«አዝኜልሽ ነው እኮ» አለ። «እንዳታዪው ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ ማዘንህን። ሁሉም ሲያዝኑልኝ ነው የኖሩት» አለችው። ከዚያም ነገሩን አንድ በአንድ አወራችለት፤ ከዚህ በፊት የማያውቀው ነገር የለበትም፤ እንደዚህ ተያይዞ ግን ሰምቶት አያውቅም። የአባቷ እርሻ ከወንዙ ዳር ነበር። መጀመሪያ የወሰዱት ቀን አገሩ በሙሉ ማዶ ቀብር ሄዶ ነበር። ሲመለሱ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ካስማዎች በእርሻው መሐል ተተክለዋል፤ የተከለው ሰው የለም፣ የሚጠየቅም የለም። ዓመት ሳይሞላ አባቷ በዚያው በገዛ መሬቱ ላይ የጥጥ ለቀማ የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ እሷና እህቷም ከጎኑ። በኋላ የጥጥ ዋጋ ባሕር ማዶ ወደቀ ተባለና ሠራተኛው ተበተነ። ማን ጣለው፣ ከየት ወደቀ፣ የነገራቸው የለም። መሬቱ ግን ወደ እነሱ አልተመለሰም፤ ለዚሁ ለፎሶሊያው ድርጅት ተሰጠ። የድርጅቱ ጌታ ሞቶ ልጆቹ ሲካሰሱበት ቆይተው ለሌሎች ሸጡት አሉ። ሻጮቹም ገዢዎቹም አንድ ቀን ረግጠውት አያውቁም። እሷ ያኔ እህቷ ሞታ፣ ቀለሜን በጀርባዋ አዝላ ወደ ከተማው ጫፍ ገብታለች። እዚያ የሠራቻትን ቤትም ለመንገድ ሲወስዷት ቀን ነው፣ እሷ የቡና ለቀማ ቤት በሥራ ላይ ሳለች፤ ስትመለስ ግድግዳው ላይ ምልክት ተደርጎበታል። «ሁልጊዜ በሌለሁበት ነው» አለች። «ሕይወቴን በሙሉ ወጣ ስል ነው የሚመጡት። በእነሱ አልፈርድም፣ አያውቁኝም። አንተ ግን ቀጠሮዬን ራሴ ነግሬህ!»

ቀለሜ ፎሶሊያውን እጁ ውስጥ ሲቆራርጠው ቆይቶ ያልሆነ ቅንጥብጣቢ አድርጎታል። ማልቀስ አምሮት ነበር፤ በዚህ ዕድሜው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ማልቀስ አሳፈረው። «ጠይቄሽ ቢሆን ምን ትይኝ ነበር?» አላት።

ጥያቄው ያልጠበቀችው ሆነባት። መሐረቧን ወደ ዓይኗ ልታነሳ ጀምራ ተወችው። «እኔ እንጃ» አለች። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅማ።»

ታች ያሉት ድምፆች ቀርበዋል፤ የመንገዱን ማጠፊያ አልፈው የመጀመሪያውን በር ሲያንኳኩ ይሰማል። ቀለሜ ተነሳ። ሱሪውን አራገፈ፣ ጣሳውንም ብሩሹንም መሬት ላይ ተዋቸው። እንደ እንግዳ ሰው ፊቷ ቆመ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ስላላወቀ ከኋላው አጣመረው። «እታባ» አላት፣ «በርሽ ላይ ቁጥር ልጻፍ?»

እሷም ዱካዋ ላይ ዞር ብላ በሩን አየችው። ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ አርፎበታል። ረጅም ጊዜ አየችው። ቀለሜ በዓይኑ እየለመናት ነበር። እሺ እንድትል፣ ብሩሹን አንስቶ በደቂቃ እንዲጨርሰው፣ ቆጣሪዎቹ እንዲመዘግቧት፣ እሱም ቤቱ ገብቶ እንዲተኛ። ያን ሁሉ ልመና አየችው። ከዚያ «አይሆንም» አለች። በእርጋታ፣ ገበያ ላይ ዕቃ የማይፈልግ ሰው እንደሚለው ነው ያለችው። ቃሉን ራሷ ገና የሰማችው ያህል «አይሆንም» ብላ ደገመችው፤ ፊቷ ላይ ከተጣሉ ወዲህ አይቶት የማያውቀው መፍታታት መጣ።

«በእናቴ አጥንት እታባ…»

«ጠየቅኸኝ፣ መለስኩልህ» አለችና ቢላዋዋን አነሳች።

ቆጣሪዋ ስትደርስ እሱ እዚያው ቆሟል። ወጣት ናት፤ ጫማዋ በአቧራ ነጭ ሆኗል፣ ከጠዋት ጀምሮ ስትዞር ውላ ድካም ይታይባታል። በሩን አየች፣ መሬት ላይ ያለውን ጣሳ አየች፣ እሱን አየች። «ቀለሜ፣ እዚህ አላደስክም እንዴ?» አለችው። ወሬውን አስታወሰችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሺ ግድ የለም። ቁጥሩን አንተ ነህ የጻፍከው፤ ንገረኝና ላስገባው። በሩን እኔም አላየሁ፣ አንተም አላሳየኸኝ።» ደግ ልጅ ናት። ለማንም የማታደርገውን ነው ያደረገችለት።

ቁጥሩ ምላሱ ላይ ነበር። የጻፈውን ቁጥር አይረሳም፤ የዚህን በር ደግሞ በሕልሙም ያውቀዋል። አንዲት ቃል ናት፤ ከአፉ ብትወጣ አክስቱ ከከተማ ውጭም ቢሆን መሬት ይኖራታል፣ ጣሪያ ይኖራታል። ወደ እሷ ዞረ። ፎሶሊያ መቀንጠቧን አላቆመችም፤ እንደማታየው ሆና ታየዋለች። አትንገር አላለችውም፤ አንገቷን እንኳ አልነቀነቀችም። እሱ አሁን ቢናገር ምን እንደሚሆን ገባው፤ ሌሎቹ ሁሉ በሌለችበት ያደረጉትን እሱ እዚሁ ተቀምጣ ሳለች ሊያደርግባት ነው። ባይናገር ደግሞ ማሽኑ የሚመጣ ቀን ይህች አሮጊት ሳፋዋን ይዛ መንገድ ላይ ናት፤ ያም የእሱ ሥራ ነው። አለቃውን፣ ካርታውን፣ ያችን አንዴ የተንሸራተተች ጣት አሰበ። ይህ ጉዳይ የእሱን አፍ ጠብቆ መቆሙ በእግዜርም ላይ ቅር አሰኘው።

«እሷን ጠይቂ» አለ። «የቤቱ ባለቤት እሷ ናት።»

«ወንድሜ፣ የምትለው ገብቶሃል?» አለችው ቆጣሪዋ በሹክሹክታ። «የለም ካልኩ እኮ መልሼ ማስተካከል አልችልም።»

«ጠይቂያት።»

ልጅቱ ጎንበስ አለችና «እማማ፣ ቤትዎ ቁጥር አለው?» አለች። አክስቱ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ መሐረቧን አስተካክላ፣ እንግዳ ለመቀበል እንደምትቀመጠው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «የለውም የኔ ልጅ» አለቻት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ማንም አላታለለኝም፣ ማንም አልመከረኝም። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው።» ልጅቱ ታብሌቷን አየች፤ እንደዚያ ተብሎ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም፤ «አለው» እና «የለውም» ብቻ ነበር። ጣቷን አንስታ እንደያዘች ቀለሜን አንዴ ቀና ብላ አየችውና «የለውም» የሚለውን ተጫነች። ከዚያ ወደ ለቃሚዋ ልጅ በር አለፈች። እዚያ ቁጥሩ በደንብ ይነበብ ነበር።

አክስቱ ሳፋዋን አንስታ ገባች፤ ከውስጥ «ምን ያስቆምሃል፣ ግባ እንጂ!» ብላ ጮኸችበት። ገባ። ክፍሏ እንደነበረው ነው፤ አልጋዋ፣ ራዲዮዋ፣ ግድግዳው ላይ የእናቱ ፎቶ። ፎሶሊያውን በውሃና በጨው ቀቀለችው፤ እሱ ያመጣውን ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው፤ ሻዩን ስኳር አብዝታ ቀዳችለት። ስታበስል ታወራ ነበር። ሐኪሙ ጣቱ እንዴት ይቀዘቅዝ እንደነበር፣ ስትመለስ አንድ የማታውቀው ሰው እስከ ማጠፊያው እጇን ይዞ እንዳደረሳት፣ ራዲዮው ባትሪ እንደሚበላ። ያልተነጋገሩበትን ጊዜ በሙሉ አንድ ቀትር ላይ ልትጨርሰው የፈለገች ይመስላል። ቀለሜ እየበላ ይሰማታል። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን አልሆነለትም። እንደዚህ ቀልሏት ሲያያት ይህን ደስታ በምን እንደገዛችው እሱ ነው የሚያውቀው።

«አሁን የት ትሄጃለሽ?» አላት ሻዩን ሲጨርስ።

«አላሰብኩትም።»

«እኔ ጋ ትመጫለሽ።»

«አንዲት አልጋ ባለችበት ክፍል? አንተ የት ልትተኛ፣ ጣሳህ ውስጥ?» ብላ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ዓይኑ እንባ ሞላ። አየችው፣ እንዳላየች ሆነች። ኩባያውን ከእጁ ተቀብላ ደግማ ቀዳችለት። ከዚያ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና «ማሽኑ የሚመጣ ቀን አንተ ትኖራለህ?» አለችው።

«የእኔ ሥራ እዚያ አይደርስም» አላት። «ያኔ ወደ ሌላ ሰፈር ልከውኛል።» እውነቱን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሲቀባ ቁጥር የጻፈበት ቤት ሲፈርስ አንድ ቀን አይቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ቀድሞ ሄዷል።

«ሥራህን አልጠየቅኩህም» አለችው። «እኔ ያን ቀን ቤቴ ውስጥ ነኝ። ለዓይኔም ቢቀጥሩኝ አልሄድም፣ ለቀብርም ቢጠሩኝ አልሄድም። የሚያደርጉትን እኔ ባለሁበት ያድርጉት። ያን ቀን ብቻዬን መሆን ግን አልፈልግም። መጥተህ በሬ ላይ ትቆማለህ?»

ጠየቀችው። ሊያመልጥ ቢፈልግ ማምለጫው ሰፊ ነበር፤ አይሆንም ቢልም እንደማትቀየመው ከፊቷ ያነብባል። መሥሪያ ቤቱ የገዛ ሠራተኛውን ከማሽኑ ፊት በር ላይ ቆሞ ሲያገኘው ምን እንደሚያደርገው ያውቃል፤ የሚበላው እንጀራ ይኸው ነው፤ ሌላ ሙያ የለውም። ያን ቀን ማሽኑ የሚመለስ እንዳልሆነም ያውቃል። ኩባያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«እቆማለሁ» አላት።